በባህል ስም ዘመቻ ስንጀምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ችግኝ ልንተክል ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄድን። አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ትልቅ ባነር። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ስለጠበቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ ጨረስን። ልንመለስ ስንል አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበት ነው» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም የኮቴው ዱካ በችግኞቹ መሃል ያልፋል። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። እኚያ አባት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፉም።

1. ባህልን ለመድረክ ማድመቂያ ብቻ መጥራት

ጭፈራ፣ የባህል ልብስ፣ ምርቃት፣ ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ወደ ቤት። ባህል ግን ነገር የሚወሰንበት ቦታም ነው። እድር አባሉን ይቀጣል። ሽማግሌ ያስታርቃል። ደቦ ሰው ለሥራ ያወጣል። ሽማግሌውን ለምርቃት ጠርተን ቦታው ሲመረጥ ከተውናቸው ምኑን አከበርናቸው?

2. የሰዉን ጉዳይ ሳይሰሙ የራስን መልእክት ማስቀደም

ከከምባታ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ሲነሱ፣ ሽማግሌዎቹ ያነሱላቸው የድልድይ ችግር ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ ለመድረስ ይቸገሩ ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ለማውራት በሩ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር የመሠረቱት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለ ድርጅት ሥራውን የያዘው በማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ የሚወስነውም ራሱ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ በአንድ ቀን ዘመቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

3. ሰውን ማሳፈር

«ኋላ ቀር» ያሉት ሰው ጆሮውን ይደፍናል። እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም፤ ሳትገረዝ ባል አታገኝም ብላ ሰግታ ነው። ፍርሃቱ የትዳር ከሆነ መልሱም ከሠርግ መምጣት ነበረበት፣ መጣም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከምባታ ውስጥ ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራዋ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ደግሞ እሷን በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ብዙ ሺህ ፖስተር ይህን አይሠራም። ልብ በሉ፣ ሠርጉ ያው የአገሬው ሠርግ ነው። የተለወጠው ክብር የሚሰጠው ነገር ነው።

4. ሰዉ የማይናገረውን ቋንቋ መናገር

ቄሱን «ብዝኃ ሕይወት» ብሎ ከመጀመር ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ መጠየቅ ይሻላል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ አገር በቀል ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ነው። በአንዳንዶቹ ምእመናኑ ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ደኑን በካብ አጠሩት። ከብት አይገባም፣ ማሳውም ለማረስ ቀለለ። ተመራማሪዎች አግዘዋል፤ ግን ሥራው የቆመው ቦታው ቅዱስ ነው በሚለው በሰዉ እምነት ላይ ነው።

5. የድሮውን ሁሉ እንዳለ እንመልስ ማለት

ይህን ስህተት የሚሠሩት ባህል ወዳዶቹ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ የሣር ሜዳ ተመልከቱ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰዉ ሜዳውን በራሱ ሕግ ጠብቋል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያ ተርፈዋል። ነገር ግን መብቱ የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ብቻ ነበር፤ ሌላው ነዋሪ አያገባውም። ሥርዓቱ በርስት ላይ የቆመ ስለነበር በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሜዳውም ባለቤት ያጣ መሰለ።

መንዞች የፈረሰውን እንዳለ አላቆሙትም። ከየቀበሌው ተወካይ መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ቀድሞ የተገለሉትም ገቡበት። መዝጋቱና መክፈቱ ከአባቶች የተወረሰ ነው፤ ማን ያጭዳል የሚለው ግን ተለወጠ።