ሌባ ጎንበስ ብሎ ሰላም አይልም፦ ለራስ መከላከያ ስንሰለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

የቴኳንዶ ሰማያዊ ቀበቶ ከታሰረልኝ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አምሽቼ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ ስልኬን ከእጄ መነተፈኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ግራ እግሬን አስቀድሜ፣ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ፎቶ ቢያነሱኝ ያምርብኝ ነበር። ልጁ ግን አስፋልቱን ተሻግሮ ጠፍቷል።

ያን ሌሊት ስናደድ አደርኩ። ጠዋት ላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰውነቴ አልከዳኝም። ለዓመታት ያስለመድኩትን ነው የሠራው። እኔ ያስለመድኩት ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎኝ፣ "ጀምሩ" ሲባል የሚመጣ ተጋጣሚን ነው። ከዚያ ወዲህ ጁዶም ቦክስም ቀምሻለሁ። ራሴ የሠራኋቸውን፣ ጂም ውስጥም በየቀኑ የማያቸውን ስህተቶች እነሆ።

የውድድሩን ሕግ መንገድ ላይ መጠበቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ቴኳንዶ የማይሠራበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በወርልድ ቴኳንዶ (በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን) ግጥሚያ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ከወገብ በታች መምታትም አይፈቀድም። ደረት ላይ በደንብ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ ቢያንስ 3 ያስገኛል። ሕጉ ለስፖርቱ ጥሩ ነው፤ ተጫዋቹን ይጠብቃል፣ ጨዋታውንም ያሳምራል። ነገር ግን ፊቱ ላይ ቡጢ እንደማይመጣበት የለመደ ልጅ እጁን አውርዶ መቆም ይለምዳል። ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው ቡጢ ወይም ጥፊ ነው። ለነጥብ ብለን የወደድነው ከፍ ያለ እርግጫም በጠባብ ጂንስ፣ ክረምት ላይ በረጠበ ኮብልስቶን ሲሞከር ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ጓደኛዬ ሞክሮታል። እሱም ማንንም አልመታም፣ ማንም እሱን አልመታውም፤ ራሱ ነው የወደቀው።

ለነገሩ ሕዝባችን ስም ሲያወጣ ያውቅበታል። "ማጅራት መቺ" የሚለው ቃል ጥቃቱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። ከኋላ ነው። እኛ ግን ከኋላ የሚመጣውን ስንት ጊዜ እንለማመዳለን? አብዛኛው ክለብ ውስጥ ለፈተና ሲቃረብ ብቻ።

ከኋላ ክንድ አንገታችሁ ላይ ሲጠመጠም መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ቆንጆ አይደለም። አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ትቀብራላችሁ። በሁለት እጃችሁ የሚያንቃችሁን ክንድ ወደ ታች ትጎትታላችሁ። ፊታችሁን ወደ ክርኑ መታጠፊያ ታዞራላችሁ፤ አየር የሚገኘው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ማምለጥ የሚታሰበው። ለማሰብ ጊዜ የለም፤ አንገት ላይ ያሉት ደም ቧንቧዎች በደንብ ከተጨመቁ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ በወር አንድ ቀን እንኳ የዘወትር ልብስ ለብሳችሁ፣ ቦርሳ አንግታችሁ፣ ግድግዳ ጥግ ቆማችሁ ተለማመዱ። አሠልጣኛችሁ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አሳዩት።

ከሚተባበር ጓደኛ ጋር ብቻ መሥራት

"እጄን ያዘኝ።" "ያዝኩህ።" አንዴ ጠምዘዝ፣ ጓደኛ ዘፍ። ሁላችንም አልፈንበታል። ለጀማሪ አስፈላጊም ነው፤ ቴክኒኩን ማወቅ የሚቻለው በዝግታ ነው። ስህተቱ እዚያው መቅረት ነው። እውነተኛ ሰው እጁ ሲጠመዘዝ ይጎትታል፣ ይገፋል፣ በሌላ እጁ ይመታል።

ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ የጁዶ ቤቱን ኮዶካንን ሲመሠርት ይህን ጉዳይ በሚገባ አስቦበታል። ከድሮው ጁጁትሱ አደገኛ የሆኑትን ምቶች ለካታ፣ ማለትም አስቀድሞ ለተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ ብቻ አስቀራቸው። የቀሩትን ጥሎችና መያዣዎች ግን ከማይተባበር ሰው ጋር በሙሉ ኃይል መሞከር እንዲቻል አደረገ። ራንዶሪ የሚሉት ይህንን ነው። ከብዙ ገዳይ ቴክኒክ ይልቅ እምቢ በሚል ሰው ላይ የተሞከሩ ጥቂቶቹ እጅ ላይ ይቀራሉ። የእኔም እምነት ይኸው ነው። ከላይ ያየነውን የአንገት መያዣ ጓደኛችሁ መጀመሪያ በ30 በመቶ ኃይሉ፣ ከዚያ በ50፣ ከዚያ እየጨመረ ይያዛችሁ። የማይሠራው ቶሎ ይታወቃል።

ስፓሪንግን (የልምምድ ግጥሚያን) ጠብ ማድረግ

የተገላቢጦሹ ስህተት ይህ ነው፤ እኔን ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝም እሱ ነው። "ካልተመታህ አትማርም" የሚል አሠልጣኝ ነበረኝ። እንደ ብረት እንጠነክራለን ብለን ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላት ለጭንቅላት ስንቀጣቀጥ ከረምን። አንድ ቀን ከተመታሁ በኋላ መብራቱ አስጠላኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ቁጥር ስቆጥር መሃል ላይ ጠፋብኝ። አልወደቅሁም፤ ስለዚህ ደህና ነህ ተባልኩና ቀጠልኩ።

ደህና አልነበርኩም። አንጎል የሚናጠው ሰው ራሱን ሲስት ብቻ አይደለም። ከተመታ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ወይም የእይታ መደብዘዝ የታየበት ሰው በዚያ ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ትውከት ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት መንቃት ካቃተው ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ከተሻለው በኋላም ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ ስፓሪንግ በመጨረሻ፣ እሱም ሐኪም ሲፈቅድ። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው መከላከያና የጥርስ ላስቲክ ቆዳና ጥርስን ያድናሉ። አንጎል ውስጥ የሚፈጠረውን መናጥ ግን አያስቀሩትም። የጭንቅላት መከላከያ አደረግን ብለው በእጥፍ የሚማቱ ልጆችን ሳይ ያመኛል።

እግር በግድ ማስከፈት

ይሄ የኛ ሰፈር ልዩ በሽታ ነው። ልጁ ገና እንደገባ፣ ሳያሟሙቅ እግሩን ከፍቶ ይቀመጣል። አንዱ ጀርባው ላይ ይጫነዋል፤ ሁለቱ እግሩን ይጎትታሉ። እሱ ይጮኻል፣ እኛ እንስቃለን። የታፋ ጡንቻ በዚህ መንገድ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ ልጁ ለወራት አነከሰ። መጀመሪያ ገመድ ዝለሉ ወይም ሶምሶማ ሩጡ፤ እግር ማወዛወዝ ይከተል። ረጅሙን መሳሳብ ሰውነት ሲሞቅ፣ መጨረሻ ላይ፣ ራሳችሁ አድርጉት። ማንም እላያችሁ ላይ አይቀመጥ።

እርግጫ ስታዞሩ የቆማችሁበት እግር ተረከዝም አብሮ ይዙር። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ወገብ ብቻ ሲዞር ጉልበት ነው የሚከፍለው።

ጡጫን እንደ ፊልም መጠቀም

ጂም ውስጥ ፋሻና ጓንት አለ። መንገድ ላይ ባዶ እጅ ነው። የራስ ቅል ደግሞ ድንጋይ ነው። በጡጫ ጭንቅላት የመታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከትንሿ ጣት በታች ያለው የእጅ አጥንት ነው። የመዳፍ ታችኛውን ክፍል መጠቀም ይሻላል። አውራ ጣትን ጡጫ ውስጥ መቅበርማ ጭራሽ አይሞከርም።

መውደቅን ንቆ ማለፍ

ብዙ ክለቦች የሚሠሩት ሲሚንቶ ወለል ላይ ስለሆነ አወዳደቅ አይማሩም። አገጭ ወደ ደረት፣ እጅ ዘርግቶ መሬቱን አለመደገፍ፣ በጎን መንከባለል። ምንጣፍ ከሌለ ሣር ፈልጉ። በሕይወታችሁ ከምትማቱበት ቀን የምትወድቁበት ይበዛል።

እልህና ወለምታ

መታ መታ ማድረግ ማለትም "በቃኝ" ማለት ነውር አይደለም። ክርናችሁ ተጠምዝዞ ሳለ "ትንሽ ልታገስ" ካላችሁ፣ የምታተርፉት የሦስት ወር እረፍት ነው። የያዘውም ሰው ምልክቱን እንዳየ ይልቀቅ።

ቁርጭምጭሚት ሲዞር ደግሞ ሩጫው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻዎችን አልንቅም፤ ያሻሹኝ አሉ። ግን ባበጠ ሰዓት ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዙበት፣ እግራችሁን ከፍ አድርጉ። 4 እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ተነሡ። ሐኪሞች ስብራት ሲጠረጥሩ ከሚጠይቁት ጥያቄ አንዱ ይኸው ነው።

ሁሉንም ነገር በጠብ ለመፍታት መሞከር

ስልክ ይተካል። ሌባው ሮጦ ከሄደ በኋላ ተከትላችሁ ብትደበድቡት ነገሩ መከላከል መሆኑ ያበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ከሕገወጥ ጥቃት ሲከላከል እንደማይቀጣ ይናገራል። ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል፣ የተወሰደው ርምጃም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ያየዋል። ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው ይህንን ሁለት ጊዜ ቢያነበው ይመረጣል።

ስለ ቢላዋ ደግሞ ክርክር አልወድም፤ ሙከራ እወዳለሁ። ቢላዋ መንጠቅ ችያለሁ የሚል ሰው ያረጀ ነጭ ሸሚዝ ይልበስ። ጓደኛው ቀይ ማርከር ይያዝና እንደ ፊልሙ አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ እንደ ልቡ ደጋግሞ ይውጋው። እኔ ያኔ ቡናማ ቀበቶ ነበርኩ። ማርከሩን በመጨረሻ ነጥቄዋለሁ። ሸሚዜ ላይ ግን 11 ቀይ መስመር ቆጠርኩ፤ ሁለቱ አንገቴ አጠገብ ነበሩ። እናቴ አጥባ ልታስለቅቀው ሞክራ አልሆነላትም። ዛሬ የወለል መወልወያ ነው።