ፕላዝማ ቲቪ ሲያስቸግር፦ ከመስታወቱ ነው ከቦርዱ?

ፕላዝማ ቲቪ ሲበላሽ መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ ነገር አንድ ነው፤ ችግሩ ከመስታወቱ ነው ወይስ ከኋላ ካሉት ቦርዶች? ከቦርድ ከሆነ ደህና ባለሙያ ይፈታዋል። ከመስታወቱ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ምልክቱን በደንብ ካያችሁ ይሄን ቲቪውን ሳትከፍቱ መለየት ይቻላል። ጥገና ቤት ስትሄዱም ማንም አያሞኛችሁም።

ግን ቲቪያችሁ እውነት ፕላዝማ ነው? እኛ ጋ ጠፍጣፋ ቲቪ ሁሉ ፕላዝማ ነው የሚባለው። ፓናሶኒክ ፕላዝማ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉት። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የተመረተ ከሆነ ፕላዝማ አይደለም። የድሮ ከሆነ አንሱት፤ ከባድ ነው? ፊቱ ጠንካራ መስታወት ነው? ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የተለጠፈው ሞዴል በፒኤስ ወይም በፒኤን ይጀምራል? እንግዲያው አንብቡ።

መስታወቱ ለምን እንደማይጠገን የሚገባችሁ አሠራሩን ስታውቁ ነው። ስክሪኑን በ1964 የፈለሰፉት በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን ናቸው። የሠሩት ፕላቶ ለሚባል የኮምፒውተር ማስተማሪያ ነበር። ሃይስኩል በፕላዝማ የተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሁለት መስታወቶች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም። የኋለኛው መስታወት ላይ ቀጫጭን ግድግዳዎች ተሠርተው ክፍተቱን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፍሉታል። ክፍሎቹ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፎስፈር ተቀብቷል፤ ኒዮንና ዜኖን ጋዝም ተሞልቷል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዜኖኑ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ይለቃል፤ ፎስፈሩ ያንን ወደ ቀለም ይለውጣል። እያንዳንዱ ክፍል ትንሽዬ ፍሎረሰንት አምፖል ነው ማለት ነው። የፊተኛው መስታወት ውስጠኛ ገጽ ደግሞ በጣም ስስ በሆነ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ተሸፍኗል። እሱ መስታወቱን ይጠብቃል፤ ጋዙም በቀላሉ እንዲበራ ያግዛል።

ፋብሪካው የመስታወቶቹን ዳር በሚቀልጥ የመስታወት ዱቄት ያሽገዋል። ከኋላ ጥግ ላይ ባለች ቀጭን የመስታወት ቱቦ አየሩን መጥጦ ያወጣል፣ ጋዙን ይሞላል፣ ከዚያ የቱቦዋን ጫፍ አቅልጦ ይዘጋዋል። ከዚህ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ቲቪው ሲፈታ ያቺን ቱቦ የሰበረ ሰው ፓነሉን፣ ማለትም የታሸጉትን ሁለት መስታወቶች፣ ገደለው።

ሲበራ "እዝዝዝ" ይላል

አዲስ አበባ ላይ በጣም የተለመደው ስሞታ ይሄ ነው። ሪሞቱን ይዛችሁ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። አሁንም ይሰማል? ስፒከሩ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ነጭ የበዛበት ምስል አምጡ፤ ከዚያ ጨለማ የበዛበት። በነጩ ጎልቶ በጨለማው ከቀነሰ፣ ድምፁም ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከስክሪኑ ፊት በሙሉ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚጮኸው መስታወቱ ነው።

ዋናው ምክንያት ከፍታችን ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ቶር (ቶር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ፓነሉ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ብዙውን ጊዜ 500 ቶር አካባቢ ነው። በልዩነቱ የውጭው አየር ሁለቱን መስታወቶች ጨምቆ ከግድግዳዎቹ ጋር ያጣብቃቸዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ 575 ቶር ገደማ ነው። ጭመቃው ከ260 ወደ 75 ወረደ ማለት ነው። ቲቪው ሲሞቅ ደግሞ የውስጡ ግፊት ስለሚጨምር ያቺም ትሳሳለች። ያኔ የፊተኛው መስታወት ከግድግዳዎቹ ላላ ይላል፤ ኤሌክትሪኩ በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሲቆይ ቢብስባችሁ አይግረማችሁ። 1,200 ሜትር ላይ ባለችው ድሬዳዋ ጸጥ ብሎ የኖረ ቲቪ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ የሆነችው ደብረ ብርሃን ደርሶ ቢጮህ አልተበላሸም። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የከፍታ ገደብ የጻፉትም ለዚህ ነው።

መፍትሄው ድምፁን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አይደለም። ከ"ቪቪድ" ወይም "ዳይናሚክ" ወደ "ሲኒማ" ወይም "ስታንዳርድ" ቀይሩት። ኮንትራስቱን ዝቅ አድርጉ፤ የኃይል ቁጠባውን አብሩ። ቺፑድ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግድግዳው ራሱ ድምፁን ስለሚያጎላው አውርዱት፣ ወይም ማንጠልጠያው ላይ ላስቲክ አስገቡ። "ፓወር ቦርዱን ልቀይርና ዝም ይላል" ለሚላችሁ ግን ኪሳችሁን አትክፈቱ። ቦርድ የሚጠረጠረው ድምፁ ከኋላ ከአንድ ነጥብ ሲመጣና ምስሉ ጨለማ ሲሆንም ሳይቀንስ ሲቀር ነው። ያ የደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ወይም የላላ ጥቅል ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ሥራ ነው።

ጨለማ ምስል ላይ ባለቀለም ነጥቦች ይርመሰመሳሉ

ክፍሎቹ ብሩ ሲባሉ አይበሩም፤ ወይም ሳይታዘዙ ይበራሉ። ማግኒዥየም ኦክሳይዱ ከዕድሜ ጋር ሲደክም ጋዙን ለማብራት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይቀየራል። ከቦርዱ የሚወጣው ቮልቴጅም ከቦታው ሊሸራተት ይችላል።

የኋላ ክዳኑ ሲነሳ ፓነሉ የተለጠፈበት ትልቅ ብረት ላይ ትንሽ ወረቀት አለ። ቪኤስና ቪኤ ከሚሉ ምልክቶች አጠገብ ፓነሉ የሚፈልገው ቮልቴጅ ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 195 እና 60 ቮልት። ሁለት ፓነል እኩል ስለማይወጣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። ባለሙያው በመልቲሜትር ለክቶ፣ በቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ አዙሮ ከወረቀቱ ጋር ያስማማዋል። ብዙ ጊዜ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ፓወር ቦርድ ከተቀየረም ይሄ ልኬት መደገም አለበት። ወረቀቱን ሳያይ ብሎን የሚያዞር ሰው ካጋጠማችሁ ቲቪያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እናንተ ራሳችሁ አትሞክሩት። 200 ቮልት ገደማ ነው፤ ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ያን ያህል ይዘው ይቆያሉ።

መስመር ወይም ግማሽ ጨለማ

አግድም ከሆነ፣ ለምሳሌ የላይኛው ወይም የታችኛው ግማሽ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ በጎን በኩል ያለው ዋይ በፈር የሚባለው ቦርድ ነው። ይቀየራል። ሰፋ ያለ ቁም ጥቁር መስመር ከሆነ ቦርዱን ከመስታወቱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ (ሪባን) ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ነቅሎ መልሶ መሰካት አንዳንዴ ይበቃል። አንዲት ቀጭን ቁም መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪባኑ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላይ የመጣች ናት። አብራችሁ ኑሩ።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ ወይም ቀጭ ብሎ ይጠፋል

ይሄ በአብዛኛው የቦርድ ችግር ስለሆነ ተስፋ አለው። ድምፁ እየሰራ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ መስታወቱን የሚያበራውን ኤሌክትሪክ የሚልኩት ሰስቴን የሚባሉት ቦርዶች ይጠረጠራሉ። በርቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ወይ አንዱ ቦርድ ሾርት ሆኖ መከላከያው ዘግቶታል፣ ወይ ፓወር ቦርዱ ላይ ካፓሲተሮች አብጠዋል። ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ በዓይን ይታያል። መብራት ሲጠፋ ቲቪውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ ደቂቃዎች ጠብቃችሁ ሰኩ።

የጣቢያው አርማ አልጠፋ አለ

ጣቢያ ቀይራችሁም ጥላው ካለ፣ ለጥቂት ሰዓታት የሚንቀሳቀስና ሙሉ ስክሪን የሚሸፍን ምስል ልቀቁበት። ከደበዘዘ ጊዜያዊ ነበር። ካልደበዘዘ እዚያ ቦታ ያለው ፎስፈር ከሌላው በላይ አርጅቷል፤ አይመለስም።

ፊቱ ተሰነጠቀ

ከመጣላችሁ በፊት አብሩት። ብዙ የድሮ ፕላዝማዎች ከፓነሉ ፊት ለብቻው የቆመ የማጣሪያ መስታወት አላቸው። ምስሉ በሙሉ እየታየ ከሆነ የተሰበረው እሱ ነው፤ ቲቪው ደህና ነው። ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም ስንጥቁ አካባቢ ከተንጣጣ ግን ፓነሉ ነው፤ አየር ገብቶበታል። ቶሎ ከሶኬት ንቀሉት። በመኪና ሲጫን በጀርባው ማስተኛት ነው ብዙውን የሚሰብረው፤ ሁልጊዜ አቁማችሁ ጫኑት።

የተሰበረውን ፕላዝማ ለቆራሌው በኪሎ ከመስጠታችሁ በፊት ጥገና ቤቶችን ጠይቁ። አዲስ ቦርድ አሁን ስለማይመረት፣ ተመሳሳይ ሞዴል ይዞ ሰስቴን ቦርድ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።