ድካም ድካም ሲላችሁ ኦክሲጅናችሁን እንዴት ትለካላችሁ?

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ አዲስ የገባ ሰው «ከፍታው ነው ያደከመኝ» ይላል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ደግሞ በደረጃው ያማርራል። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ከፍታው ያላጠፋውን ይከሰሳል። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ግን «እንዲሁ ይደክመኛል» ከማለት የተሻለ ነገር ይዛችሁ ትገባላችሁ።

1. ከሁሉም በፊት ከሰሉን ከቤት አውጡ

ይህ ለነገ አይባልም። ዳር ከተማው ላይ ብርዱ ጠንከር ይላል። ማታ መብራት ይጠፋል፣ ምድጃው ይገባል፣ በር ይዘጋል። የከሰል ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ አለ። ኦክሲጅን ደም ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ የመያዝ ኃይሉም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

«ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» የሚለውን አትመኑ። የሚታየው ጭስ ቢያልቅም ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። እንደውም ሰው የሚዘናጋው ያኔ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ጠዋት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ካለ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ስሜት ከተሰማቸው፣ ውጭ ወጥታችሁ ስትቆዩ ከቀለላችሁ ከሰሉን ጠርጥሩ። የታፈነ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት። ከዚያ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) እዚህ ላይ ያታልላችኋል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ስለማይለይ ታፍኖ የወደቀ ሰው ላይ 98 ሊያሳይ ይችላል።

2. በትክክል ለኩ

ኦክሲሜትር ከኮቪድ ጊዜ ወዲህ ፋርማሲ ውስጥ የተለመደ ዕቃ ነው። ከመግዛት ይልቅ ጎረቤት ካለው መዋስ ይቻላል፣ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ መለካት።

ደረጃ ወጥታችሁ እንደገባችሁ አትለኩ። አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ። እጃችሁ ከቀዘቀዘ አሹት፣ አሙቁት። ኩቴክስ ወይም ሂና ያለበት ጣት ይቅር። መለኪያውን መሐል ጣት ላይ አድርጉና እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መጀመሪያ ብልጭ የሚለውን ቁጥር ተዉት። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ በመቶኛ የሚነበበው የኦክሲጅን ሙሌት ነው፣ ሌላው የልብ ምት። ለሁለት ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ለክታችሁ ጻፉ።

3. ቁጥሩን በአዲስ አበባ ልክ አንብቡ

አየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍታ ላይ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ደረጃ የሚኖር ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሱሉልታ ከዚህም ከፍ ይላል፤ ሯጮቻችን እዚያ የሚለማመዱት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ ያለ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ አያስደነግጥም። ተቀምጦ እያለ ከ90 በታች ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሕክምና ይሂድ። ቁጥሩ ደህና ሆኖም ደረት ከወጋችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ወይም ምላስና ከንፈር ከጠቆረ አትጠብቁ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ይታወቃል። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ ሰውነታችሁን እመኑ።

ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቢደክመው ከፍታው ነው ማለት ይቻላል። ሰውነቱ ይለምደዋል። እዚሁ ተወልዶ ላደገ ግን ይህ ምክንያት ብዙም አያስኬድም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ ነበር። የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

4. በደረጃው ፈትኑት

ቁጥሩ ደህና ከሆነና ደረታችሁን ካላመማችሁ ሁለት ፎቅ በራሳችሁ ፍጥነት ውጡ፣ ወዲያው ለኩ። ማለክለክ ያለ ነው። ሙሌቱ ከ3 ነጥብ በላይ ከወረደ ግን ሳንባ ወይም ልብ መታየት አለበት። በተለይ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ ወይም የእግር እብጠት ካለ።

5. ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ድካሙ ካልለቀቀ ደም ተመርመሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «97 ነው፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። መለኪያው የሚነግራችሁ ታክሲው ሞልቶ መሄዱን ነው፤ መንገድ ላይ ስንት ታክሲ እንዳለ አያውቅም። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው፣ ማለትም ታክሲው) ያነሰው ሰው ያለችው ጥቂት ደም በኦክሲጅን ሞልታ 97 ታነባለች። ለጡንቻውና ለአንጎሉ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴሎች ቆጠራ ምርመራ አሠሩ። ሄሞግሎቢን ለወንድ ከ13 በታች፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። እኛ ባለንበት ከፍታ ደግሞ መነሻው ቢያንስ ወደ አንድ ነጥብ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሴት 12.3 ሆና «ደህና ነሽ» ከተባለች «ከፍታው ታስቧል?» ብላ ትጠይቅ። ብዙ ደም የሚፈስበት የወር አበባ፣ እርግዝና፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ መድማት የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የብረት ክኒን ገዝቶ መዋጥ ደግሞ በሽታውን መሸፈን ነው።

እግረ መንገዳችሁን ማታ የምታንኮራፉ፣ ትንፋሻችሁ ቆም እያለ የሚመለስ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ከእናንተ የበለጠ ያውቃል።

6. ቡናውን ከምግቡ አርቁት

«ጤፍ እየበላሁ ደም እንዴት ያንሰኛል?» የሚል አለ። ጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት ብዙውን አይጠቀምበትም። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት እንዳይገባ ያግዳሉ። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣቱን ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ሐኪም የብረት ክኒን ካዘዘላችሁም እንዲሁ። ጠዋት ቡና ሳይጠጡ ዓይናቸው የማይገለጥ ሰዎች ክኒኑን ማታ ይዋጡት። ክኒኑን ስትወስዱ ዓይነ ምድር ቢጠቁር ብዙውን ጊዜ ከክኒኑ ነው፣ አትደንግጡ።