ጣሪያችሁ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በሚስማሩ በኩል ነው
ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ጣሪያ ልታስጠግኑ ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። የቆርቆሮ ቤት ሲያፈስ ብዙ ሰው ቆርቆሮው አርጅቷል ብሎ ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሚስማሩ ጋ ነው። የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ሲፈራረቅበት ቆርቆሮው ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም ደርቆ ይሰነጠቃል።

ኮርኒሱ ላይ የምታዩት እርጥበት ቀዳዳው የት እንዳለ አያሳይም። ውኃው ሞራሌውን፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ይዞ ሄዶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ከኮርኒሱ በላይ ብቅ ብላችሁ ቀና በሉ፤ ጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ታያላችሁ። በጠመኔ ምልክት አድርጉባቸው።

ሠራተኛው ሬንጅ ቀብቼ ልሂድ ቢል እሺ አትበሉ። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል፣ ለከርሞ ያው ማፍሰስ ነው። የላላው ሚስማር ይነቀልና ወፈር ያለ፣ አዲስ ጎማ ያለው ይመታ፤ እሱም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ በፍጹም አይሁን። ሲራመድም የሚስማሩን መስመር ይርገጥ፤ መሃሉን ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎብጥና ሌላ ቀዳዳ ይተርፋችኋል። እግረ መንገዱን አሸንዳውንም ያጽዳላችሁ።