የአሮጌ ሞተርሆም የውኃ መስመር ጥገና፦ ዳዶ ከማጥበቅ በፊት ፍሳሹ ከየት እንደሆነ መለየት

በአሮጌ ሞተርሆም (አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ባለው የመኖሪያ መኪና) ውስጥ ውኃው የሚታይበት ቦታና የሚያመልጥበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የጀመረ ጠብታ በወለሉ ጣውላና በንጣፉ መካከል ተስቦ አልጋው ሥር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ሆኖ ያገኛችሁትን ዳዶ ወዲያው አታጥብቁ። ዓመታት ያሳለፈ የፕላስቲክ ዳዶ በኃይል ሲጠበቅ ይሰነጠቃል፤ አንድ ፍሳሽ ሳይዘጋ ሁለተኛው ይከፈታል።

ምርመራውን በፓምፑ ጀምሩ። ታንከሩ ውስጥ ውኃ አድርጉ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉ፣ ፓምፑን አብሩ። ባለ 12 ቮልት የዲያፍራም ፓምፕ የመስመሩ ግፊት ከ3 እስከ 3.8 ባር፣ ማለትም ከ45 እስከ 55 ፒኤስአይ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ቧንቧ እስኪከፈት ድረስ ዝም ማለት አለበት። ማንም ሳይከፍት በየጊዜው ተነስቶ ለአፍታ የሚሠራ ከሆነ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ወይ ውኃው ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ወይ በፓምፑ ውስጥ ባለው ቼክ ቫልቭ (ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ባለበት ክፍል) በኩል ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

ሁለቱን ለመለየት ፓምፑን አጥፉና መኪናውን ከውጭ የውኃ መስመር ጋር በጎማ አገናኙ፤ በመካከሉ የግፊት መቀነሻ መኖሩ ግዴታ ነው። ፓምፑ እንደጠፋ የታንከሩ ውኃ ከፍ እያለ ከሄደ ጥፋቱ የፓምፑ ቼክ ቫልቭ ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም። ታንከሩ ካልጨመረ ግን ደረቅ ሶፍት ይዛችሁ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ዙሪያ አዙሩ። እጅ የማይሰማውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ወለሉ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ፓምፑ አሁንም የሚነሳ ከሆነ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ተመልከቱ፤ ውኃው ሳይታይ ወደ ቆሻሻው ታንከር እየወረደ ሊሆን ይችላል።

ፍሳሹ መቼ እንደሚታይም ብዙ ይናገራል። ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ከመጣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በግፊት መስመሩ ላይ ሳይሆን በፍሳሽ ማስወገጃው ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ ብቻ ከመጣ የታንከሩን መሙያና መተንፈሻ ጎማዎች ፈትሹ። ከውጭ መስመር ጋር ሲገናኝ ብቻ ከመጣ የመግቢያው ቫልቭ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ የቧንቧውን ዓይነት ለዩ፣ ምክንያቱም መጠገን ወይስ መቀየር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1995 በሰሜን አሜሪካ የተሠሩ ብዙ ሞተርሆሞች ፖሊቡቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ግራጫ ቧንቧ አላቸው፤ በላዩ ላይ ብዙ ጊዜ ፒቢ 2110 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። በውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይህን ፕላስቲክ፣ በተለይም አሴታል ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠሩትን መገጣጠሚያዎቹን፣ ከውስጥ እያደረቀ ያሰነጥቃቸዋል። ከውጭ ጤነኛ መስሎ ስለሚታይ አታላይ ነው። አንድ ቦታ መሰንጠቅ ከጀመረ ሌሎቹም ያንኑ ያህል ዕድሜ ስላላቸው፣ ፍርዳችን ሙሉ በሙሉ በፔክስ (ተጣጣፊ በሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ) ቀይሩት የሚል ነው። ለጊዜው ከፊሉን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ለሁለቱ ፕላስቲኮች ሽግግር ተብሎ የተሠራ ፊቲንግ (መገጣጠሚያ) ተጠቀሙ። የውጭ ስፋታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ ተራውን የፔክስ ፊቲንግ ግራጫው ቧንቧ ውስጥ አታስገቡ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፓምፑን፣ የቦይለሩን ጋዝና ኤሌክትሪክ አጥፉ፤ ሙቁ ውኃ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ መስመሩን አራግፉ።

የግማሽ ኢንች ፔክስ የውጭ ስፋቱ 15.9 ሚሊሜትር ነው። በሴጌቶ ሳይሆን በቧንቧ መቁረጫ፣ ፍጹም ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ የአብዛኛው አዲስ ፍሳሽ መነሻ ነው። ቧንቧውን በፊቲንጉ ላይ አጥብቆ የሚይዘውን የመዳብ ቀለበት መጀመሪያ በቧንቧው ላይ አስገቡ፤ ይህን ረስቶ ፊቲንጉን ማስገባት የተለመደ ነው። ከዚያ ፊቲንጉን እስከ ትከሻው ድረስ ግፉት፣ ቀለበቱን ከቧንቧው ጫፍ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ርቀት ላይ አድርጉት፣ ቀለበቱን የሚጨብጠውን መቆንጠጫ ከቀለበቱ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጨብጡ። በቀለበት መለኪያው ፈትሹት። ቀለበቱ ከላላ ወይም ከተጣመመ ቆርጣችሁ በአዲስ ሥሩት፤ ሁለተኛ ጊዜ መጨበጥ አያድነውም።

መቆንጠጫ በማይገባበት ጠባብ ጥግ ተገፍቶ የሚቆለፍ ፊቲንግ ይሠራል። የቧንቧውን ጫፍ ከሸካራነት አጽዱ፣ አምራቹ የሚጠይቀውን የማስገቢያ ጥልቀት በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ምልክቱ እስኪደርስ ግፉ። ምልክት ሳይደረግ የገባ ፊቲንግ ግማሽ መንገድ ቆሞ ለጥቂት ቀናት ይይዛል፣ ከዚያ ይወጣል።

ቧንቧና ሻወር ላይ የሚታሰሩት ትልልቅ የፕላስቲክ ዳዶዎች ውኃ የሚይዙት በጥርሳቸው ሳይሆን ውስጣቸው ባለው ሾጣጣ የጎማ ማሸጊያ ነው። እዚህ ቴፍሎን (ስስ የማሸጊያ ቴፕ) አይጠቀለልም፤ ጎማው በትክክል እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። በእጅ ጥብቅ እስኪል አስሩ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። አሁንም ካንጠባጠበ ጎማውን ቀይሩ። ቴፍሎን ቦታው ሾጣጣ ጥርስ ያለው የብረት መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ዙር ይበቃል።

ቧንቧውን በየ80 ሴንቲሜትሩ ደግፉ፤ ግን አንቃችሁ አትያዙት። ፔክስ ሙቅ ውኃ ሲያልፍበት ይረዝማል፣ መኪናው ሲሄድም ይንቀጠቀጣል። በጣውላና በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ አልብሱት፤ የብረት ጠርዝ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ለማጠፍ ሲያስፈልግ የክቡ ራዲየስ ከ13 ሴንቲሜትር ካነሰ ጎሚቶ (የክርን ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ) መጠቀም ይሻላል።

ፓምፑ እየሠራ ውኃ ካልሳበ ሰዎች ወዲያው አዲስ ይገዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከፓምፑ በፊት ነው። በታንከሩና በፓምፑ መካከል ያለው ጎማ ሲላላ ውኃ አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል እንጂ፤ በዚህ ምክንያት ምንም እርጥበት አይታይም። የማጣሪያውን ክዳን፣ የውስጡን ጎማና ማሰሪያዎቹን ፈትሹ፤ ማጣሪያውንም እጠቡ። ፓምፑ ደካማ ከሆነ እየሠራ ሳለ በራሱ ሽቦዎች ላይ ቮልቱን ለኩ። ባትሪው ጋ 12.6 ሆኖ ፓምፑ ጋ ከ11 በታች ከወረደ የዛገ የሽቦ ግንኙነት አለ፤ በመጀመሪያ ኔጌቲቩን አጽዱ። ፓምፑን ስትመልሱ በሁለቱም በኩል 40 ሴንቲሜትር ያህል ተጣጣፊ ጎማ አድርጉለት፤ ድምፁንም ይቀንሳል፣ ንዝረቱም ወደ መገጣጠሚያዎቹ አይደርስም።

ቦይለሩ የብረት ከሆነ በውስጡ ዝገቱን በራሱ ላይ የሚወስድ የአኖድ ዘንግ አለ፤ ሩብ ያህሉ ብቻ ሲቀር ቀይሩት። የአሉሚኒየም ቦይለር ግን ዘንግ የለውም፤ በቦታው የሚገባው የፕላስቲክ ቡሽ ነው። የደህንነት ቫልቩ ውኃው ሲሞቅ ትንሽ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከመቀየራችሁ በፊት ከላይ ያለው የአየር ትራስ ማለቁን ጠርጥሩ። ቦይለሩን አጥፍታችሁ ውኃው ይቀዝቅዝ፣ ፓምፑንም የውጭ መስመሩንም ዝጉ፣ አንድ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ክፈቱ፣ የቫልቩን እጀታ ውኃው መፍሰሱን እስኪያቆም ያዙ፣ ከዚያ መልሱ። ይህን ቫልቭ በቡሽ መድፈን ፈጽሞ አይገባም፤ ቦይለሩ እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቦይለሩ በውኃ ሳይሞላም ኤሌክትሪኩን አታብሩ፤ በውስጡ ያለው የማሞቂያ ዘንግ ወዲያው ይቃጠላል።

በቆሻሻ ውኃ ማስወገጃው በኩል የሚያስቸግረው የቆሻሻው ታንከር ተንሸራታች ቫልቭ ነው። ታንከሩ ተራግፎና ታጥቦ አራቱን ብሎኖች ፍቱ፣ ሁለቱን ማሸጊያዎች አንድ ላይ ቀይሩ፣ በሲሊኮን ቅባት አለስልሷቸው። የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል። ቫልቩን ስትመልሱ ማሸጊያው እንዳይታጠፍ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ጥቁሩ ቧንቧ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ለኤቢኤስ የተሠራ ማጣበቂያ ይፈልጋል።

ሁሉም ሲገጠም መስመሩን ሙሉና ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ አየሩን አስወጡ፤ ከዚያ ፓምፑን አብርታችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ሌሊቱን ካልተነሳ መስመሩ ይዟል። ለማጽዳት ሽቶ ያልተጨመረበትን ተራ በረኪና ለአንድ ሊትር የታንከር ውኃ 1 ሚሊሊትር ሂሳብ አድርጉ፣ በሁሉም ቧንቧ እስኪሸት አሳልፉት፣ 4 ሰዓት አቆዩት፣ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡ። ለውርጭ ወቅት መስመሩን አራግፉ ወይም በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራውን አንቲፍሪዝ ሙሉ፤ የሞተሩ ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው።

የከፈታችኋቸውን ክዳኖች ቶሎ አትዝጉ። ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ጉዞ በኋላ ሶፍቱን በየመገጣጠሚያው ላይ እንደገና አዙሩ፤ ቆሞ ያልፈሰሰ ዳዶ ከንዝረቱ በኋላ ሊላላ ይችላል።