ዶንግል ሊኑክስ ላይ እንቢ ሲል

ሲም ገብቶበት ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ትንሹ የኢንተርኔት ሞደም፣ ዶንግሉ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዊንዶውስና ማክ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ነው። ይሄ ጣጣ ሰሞኑን በዝቷል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይችል አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ከሊኑክስ ዓይነቶች ወይ ኡቡንቱ ወይ ሊኑክስ ሚንት ጭኖ መገላገል ጀምሯል። መሃል ከተማ ያለው ዋይፋዩን ከፍቶ ይቀጥላል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ የቤት መስመር ገና ያልገባበት ግቢ ውስጥ ላለው ግን ያለው ዶንግሉ ነው። የስልክ ሆትስፖት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ስልኩን ይዛችሁ ስትወጡ ቤት የቀረው ሰው ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

ሻጩ "ይሄ ከሊኑክስ ጋር አይሄድም" ካላችሁ አትመኑት። ብዙ ጊዜ ዶንግሉ አልተበላሸም፣ ድራይቨርም (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልጎደለም። ነገሩ ወዲህ ነው። ዶንግሉ ሲሰካ ራሱን ሲዲ አስመስሎ ይቀርባል። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ማከማቻ አለች፣ የዊንዶውሱ ፕሮግራም እዚያ ነው ያለው። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ለዶንግሉ "ሲዲነቱ ይብቃህ፣ አሁን ሞደም ሁን" የሚል ምልክት ይልክለታል። ሊኑክስ ላይ ይህን ምልክት የሚልክለት ካላገኘ ሲመሽም ሲነጋም ሲዲ እንደሆነ ነው።

ላፕቶፑን ከመንካታችሁ በፊት ግን ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገቡት። ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ሊኑክስን ሲረግም ይውላል። ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ይሰራል? ፓኬጅ አለው? የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሂሳቡን በ*804# እዩት። ስልኩ ሲከፈት የሲሙን ፒን የሚጠይቅ ከሆነ ከስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ አጥፉት፣ በኋላ ራስ ምታት ይቀንሳል። እዚያው እያላችሁ የሞባይል ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ኤፒኤን (የኩባንያው የኢንተርኔት መግቢያ ስም) የሚለውን ከፍታችሁ የተጻፈውን ወረቀት ላይ ገልብጡት። የኢትዮ ቴሌኮሙ ኢቲሲ ነጥብ ኮም ነው፣ ሁሉም በትንንሽ ፊደል። የሳፋሪኮም ሲም ያላችሁም ከስልካችሁ እንዳለ ገልብጡ፣ በግምት አትጻፉ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። ሲም ማስገቢያ የሌላቸው የድሮዎቹ ኢቪዲኦ ዶንግሎች ሲዲኤምኤ በሚባል ሌላ ዓይነት ኔትወርክ የሚሰሩ ናቸው። በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት፣ ይሄ ጽሑፍ አያስነሳቸውም። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ በመጣበት አገር ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሰራ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ፊት የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ሞክሩት። ምርጫ ካላችሁ ሃይሊንክ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ።

አሁን ዶንግሉን ሰክታችሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደል ስማቸው ነው የምጠራቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። መጀመሪያ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ፤ አምስቱን ሳትነጣጥሉ ጽፋችሁ ኢንተር። ዩኤስቢ ላይ የተሰካው ሁሉ ይዘረዘራል። የሁዋዌ ከሆነ 12ዲ1፣ የዜድቲኢ ከሆነ 19ዲ2 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ፈልጉ። ከሁለቱ ነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ነው የሚነግራችሁ። ሁዋዌ ላይ 1446 ካያችሁ ዶንግሉ ገና ሲዲ ነው። ሌላ ሞዴል ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፣ ቁጥሩን ሸምድዱ አልላችሁም። ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ ትዕዛዙን ድገሙት። ቁጥሩ ከተቀየረ ዶንግሉ ወደ ሞደምነት ዞሯል፣ ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት።

ካልተቀየረ ቀላሉን ሞክሩ። ፋይል ማኔጀሩን ከፍታችሁ የሲዲ ምልክት ሆኖ የመጣውን ዶንግል በቀኝ ክሊክ "ኢጀክት" በሉት፣ ዶንግሉን ግን ከቦታው አትንቀሉት። ብዙ ዶንግል፣ በተለይ ዜድቲኢ፣ በዚህ ብቻ ይዞራል። እንቢ ካለ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ከሌለ ማውረድ ነው፣ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ዶንግሉ ላይ ነው! መውጫው አንድሮይድ ስልክ ነው። በቻርጀሩ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ከስልኩ "ዩኤስቢ ቴዘሪንግ" የሚለውን ክፈቱ፣ ሊኑክስ ያለ ምንም ድራይቨር ያውቀዋል። ፕሮግራሙን ጫኑ፣ ዶንግሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ከዚያ በኋላ በሰካችሁት ቁጥር ራሱ ያዞረዋል። ሲዲው ውስጥ "ሊኑክስ" የሚል ፎልደር አይታችሁ ከሆነ አትነካኩት፣ በአብዛኛው ዕድሜው ያለፈ ፕሮግራም ነው፣ ከሲስተሙ ጋር ሲጋጭ ሌላ ስራ ይፈጥርባችኋል።

ሞደም ከሆነ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጥግ ላይ ያለውን የኔትወርክ ምልክት (ሚንት ላይ ከታች፣ ኡቡንቱ ላይ ከላይ ነው) ተጭናችሁ ወደ ኔትወርክ ኮኔክሽንስ ግቡ፣ የመደመር ምልክቷን ጫኑና "ሞባይል ብሮድባንድ" ምረጡ። አገርና ኩባንያ ይጠይቃችኋል። ኩባንያችሁን ዝርዝሩ ውስጥ ካጣችሁ በእጅ የመጻፊያ ምርጫ አለ። ኤፒኤን ላይ ከስልኩ የገለበጣችሁትን አስገቡ። ቁጥር ከጠየቀ *99# ነው። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ባዶ ይሁኑ። ሴቭ አድርጋችሁ ከኔትወርኩ ምልክት ላይ ኮኔክት በሉ። ዶንግሉን ከሰካችሁ በኋላ ሊኑክስ አጣርቶ እስኪለየው ትንሽ ይወስድበታል፣ ወዲያው አልመጣም ብላችሁ አትንቀሉት። ችኩል እጅ ነው ብዙውን ሰው የሚያደክመው።

ሃይሊንኩ ላይ ይሄ ሁሉ የለም። እሱ ራሱ እንደ ትንሽ ራውተር ይሰራል፣ ላፕቶፑ የሚያየው በገመድ የመጣ ኔትወርክ አድርጎ ነው። ለዚህ ነው የትኛውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብዙ የማያስቸግረው። ብራውዘር ከፍታችሁ 192.168.8.1 ብላችሁ ግቡ፣ አንዳንዱ ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ኤፒኤኑን እዚያው ገጽ ላይ አስገቡ፣ አለቀ።

ተገናኝቶ ገጽ አልከፍት ካለ ችግሩ አሁን ሊኑክስ ሳይሆን ኔትወርክ ነው። እኛ ጋ ያለው ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። የሁዋዌዎቹን ትንሽ መብራት እዩ። አረንጓዴ ሆና ብልጭ ካለች 2ጂ ላይ ናችሁ፣ ሰማያዊ ከሆነች 3ጂ አግኝታለች፣ ሳትጠፋ በርታ ከቆየች ተገናኝታለች። ተርሚናል ላይ ኤም፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ አጋጥማችሁ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ዜሮ ብትጽፉ ሲግናሉን በፐርሰንት ያሳያችኋል። ዶንግሉን ነቅላችሁ ከሰካችሁት ዜሮዋ ወደ 1 ልትቀየር ትችላለች፣ "ሞደም የለም" ካላችሁ ቁጥሯን ቀይሩ። ሃይሊንክ ላይ ይሄ ትዕዛዝ አይሰራም፣ ሲግናሉን እዚያው ብራውዘሩ ገጽ ላይ ታዩታላችሁ።

የቆርቆሮ ጣሪያና የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ሲግናል ይበላሉ። ዶንግሉን ላፕቶፑ ጎን ላይ ተለጥፎ ከመተው የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝታችሁ መስኮት ላይ አውጡት፣ የኔትወርኩ ማማ ወደሚታይበት በኩል። እዚያ ጋ ግማሽ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማድረግ ራሱ ለውጥ አለው፣ ፐርሰንቱን እያያችሁ አንቀሳቅሱት። ገመዱ ከ5 ሜትር አይለፍ፣ ለዩኤስቢ 2 ወሰኑ እሱ ነው። ርካሽና ቀጭን ገመድ ደግሞ ኃይል አያደርስም፣ ዶንግሉ እየጠፋ እየበራ ያናድዳችኋል፤ አጭርና ወፍራሙ ይሻላል። በየደቂቃው ከ3ጂ ወደ 2ጂ እየወደቀ የሚያስቸግር ከሆነ 3ጂ ላይ ብቻ ቆልፉት። ሃይሊንክ ላይ ኔትወርክ ሞድ የሚል ምርጫ ገጹ ላይ አለ። ሌላው ላይ ሲግናሉን ያያችሁባትን ትዕዛዝ ጽፋችሁ መጨረሻዋ ላይ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝና "ሴት አላውድ ሞድስ" (በቃላቱ መካከል ሰረዝ)፣ እኩል ይሆናል፣ 3ጂ ብላችሁ ጨምሩበት።

ብሩን ደግሞ ጠብቁ። ሊኑክስ ሞደም መሆኑን ሲያውቅ ዳታው በገንዘብ እንደሆነ ይገምታል። ሃይሊንክን ግን የማያልቅ የገመድ መስመር ስለሚመስለው ዝማኔ ከጀርባ እያወረደ ፓኬጃችሁን ሊጨርስ ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ ከኮኔክሽኑ ጎን ያለችውን የጥርሳም ጎማ ምልክት ጫኑና "ሜተርድ" (ዳታው በገንዘብ ነው ማለት ነው) የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ትልቁን ዝማኔ ቢሮ ወይም ዋይፋይ ያለበት ካፌ ስትሄዱ አውርዱት።