ግፊትዎን ቤትዎ ሆነው በትክክል እንዴት ይለካሉ?

ባለፈው እናቴ ከገበያ ዘንቢሏን ይዛ ዳገቱን ወጥታ እንደገባች ግፊቷን ለካኋት። 158 በ94! ሁለታችንም ደነገጥን። አርፋ ስንደግመው 126 በ78 ሆነ። ደሴ ላይ ዳገት የማይወጣ የለምና ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል።

መጀመሪያ ሰውነት ይረፍ። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ ይቅር። ቡና ከተፈላ አቦሉ ሳይቀዳ ይለኩ። ጫትም ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል፤ በርጫ ላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም። ሽንትዎም ከመጣ ቀድመው ይሽኑ።

ከዚያ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። ዱካ አይሆንም። እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት ያስረግጡ። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቆዩ፤ ወሬም ቁጥሩን ያስጨምራል። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ። ደሴ ብርድ ነውና የመለኪያውን የክንድ ማሰሪያ በሹራብ ላይ ማሰር ይመጣል፤ ግን ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርንዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚታሰረው። ለክንድዎ የጠበበ ማሰሪያ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ያለአግባብ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙና አማካዩን ይያዙ።

አሁን ቁጥሩ። የላይኛው ልብ ደም ሲረጭ፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ግፊት ነው። ከ120 በ80 በታች ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ በተለያዩ ቀናት 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ 140 በ90 ከደረሰ ሐኪም ያማክሩ። ከ90 በ60 ወርዶ የሚያዞርዎት ከሆነም እንዲሁ።

180 በ120 ከደረሰና ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ግን ድጋሚ ልለካ አይበሉ። ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክት ባይኖርም በዚያው ቀን ይታዩ።

የልብ ምት ቀላል ነው። ሁለት ጣትዎን በአውራ ጣትዎ በኩል አንጓዎ ላይ አድርገው 30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ። አርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ጤናማ ነው። ስፖርት የሚያዘወትር ሰው ከ60 ሊወርድ ይችላል። ምቱ ከተዘበራረቀ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ ለሐኪምም ይንገሩ።

ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፉት። እናቴ ደብተሯን አይታ፣ “ወረደልኝ እኮ ልጄ” ብላ ኪኒኑን ልትተው ነበር። የወረደላት ግን ኪኒኑን ስለምትወስድ ነው። ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥም።